የጉድጓዱ ውሃ ቀማሽ

ባለፈው እሑድ ቤቴ እንግዶች መጥተው ነበር። ከምግቡ በፊት ውሃ ላቅርብ ብዬ ልጄ ከሱቅ ያመጣውን የታሸገ ጠርሙስ አነሣሁ። ክዳኑን ጠምዝዤ ከፈትኩት፤ እንደ ልማዴም መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ ቀመስኩ። ለእንግዶቹ የቀዳሁላቸው ከዚያ በኋላ ነው። ልጄ በኀፍረት የሚገባበት ጠፋው።

«እማዬ፣ ፋብሪካ ያሸገው እኮ ነው! ማን መርዝ ይጨምርበታል?» አለኝ።

እንግዶቹ ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ያልሳቀችው ትርንጎ ብቻ ነበረች። ትርንጎ የክርስትና ልጄ ናት። አማኑኤል ከተማ ታስተምራለች፤ ደብረ ማርቆስ በመጣች ቁጥር እኔን ሳታይ አትመለስም። ብርጭቆዋን በሁለት እጇ ተቀብላ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች ጨለጠችው።

ጠላ ቀጂ ከእንግዳው ፊት ጥቂት መዳፏ ላይ አፍስሳ መቅመሷን የአገሬ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በቀዳሁልህ ነገር ውስጥ ክፉ የለም፣ ቢኖርም የመጀመሪያዋ ሟች እኔ ነኝ ማለት ነው። ብዙዎች ይህን ከእናታቸው ይማሩታል። እኔ ግን የተማርኩት ከደጀን በታች፣ በክረምት፣ በአንድ የውሃ ጉድጓድ አፍ ላይ ነው፤ ያስተማሩኝም በግድ ነው።

ያኔ ኬሚስትሪ ተመርቄ ደብረ ማርቆስ ውስጥ በውሃ ሥራ ላይ ከተቀጠርኩ ብዙም አልቆየሁም። ልቤ ግን ሌላ ቦታ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ወጣትነታቸውን በባዕድ አገር የነዳጅ ጉድጓዶች ላይ ያሳለፉ አንድ መምህር ያስተምሩን ነበር። ነዳጅ ከምድር ብቻውን አይወጣም፣ ጨዋማ ውሃ ይከተለዋል ይሉን ነበር። በዚያ ውሃ ውስጥ የሟሟው ማዕድን ወደ ላይ እየወጣ ጫናው ሲቀንስለትና ሙቀቱ ሲለወጥበት የቧንቧው ግድግዳ ላይ ይለጠፍና ይጋገራል። ውሎ አድሮ ክንድ የሚያስገባው ቧንቧ ጣት አላስገባ ይላል። ድንጋዩን ከተጋገረ በኋላ ከመታገል እንዳይጋገር መከልከል ይሻላል፤ ለዚህም የተዘጋጀ ኬሚካል አለ። ያን ኬሚካል ወደ ጉድጓዱ ይለቁና በኃይል እየገፉ ከሥር ያለው አለት ውስጥ ያሰርጉታል። አለቱ ይይዘዋል። ከዚያ ጉድጓዱ ሥራ ሲጀምር ኬሚካሉ በጥቂት በጥቂቱ ከነዳጁ ጋር እየወጣ ቧንቧውን ለወራት ይጠብቃል።

ይህን ሲነግሩን አፌን ከፍቼ ነበር የምሰማቸው። ሌሎቹ ተማሪዎች ለፈተና ይጽፉታል፤ እኔ ግን በዓይኔ ላየው ፈለግሁ። ከተመረቅሁም በኋላ፣ በቆላው ምድር ነዳጅ የሚፈልግ አንድ ድርጅት ኬሚስት ይቀጥራል ሲባል ለማንም ሳልናገር አመለከትኩ። ተቀበሉኝ። በፍልሰታ ጾም ሁለተኛ ሳምንት፣ ረቡዕ ጠዋት፣ መኪናቸው በደብረ ማርቆስ ያልፋል፤ እዚያ ካልተገኘሁ ቦታው የሌላ ሰው ነው ተባልኩ። ያን ሰሞን በእግሬ ሳይሆን በአየር ላይ የምሄድ ነበር የሚመስለኝ።

በዚህ መሃል ነው የመጨረሻዬ ይሆናል ያልኩት ሥራ የመጣው። መንደሯ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ ከአስፋልቱ ገባ ብላ አፋፍ ላይ የተቀመጠች ናት። ስሟን አልጠራም፤ ሰዎቹ ዛሬም አሉ፣ ነገር ደግሞ ይወዳሉ። ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮላቸው ነበር፤ ሆኖም ፓምፑ ቆመ። ሴቶቹ ወደ ዱሮው ምንጫቸው ተመለሱ፤ ምንጩ ያለው ደግሞ ቁልቁለቱን ወርደው ከገደሉ ወገብ ላይ ነው። ክረምት ስለሆነ መንገዱ ያንሸራትታል፤ ውሃውም ይደፈርሳል።

ፓምፑን ባወጣነው ጊዜ ነጭ ቅርፊት ለብሶ የእንጨት ጉማጅ መስሎ ነበር። የዚያ አገር ድንጋይ ኖራ ነው፤ ውሃው ኖራ ይዞ ይወጣል፣ ኖራው ቧንቧ ላይ ይቀራል። ቧንቧውን ስንሰብረው በውስጡ ሌላ የድንጋይ ቧንቧ አብቅሏል። ባልደረቦቼ ተማረሩ፤ እኔ ግን ደስ አለኝ። ነዳጁ ውሃ ከመሆኑ በቀር ነገሩ የመምህሬ ነገር ነው። ቆላ ከመውረዴ በፊት መለማመጃ ተሰጠኝ ብዬ አሰብኩ።

መጀመሪያ የተጋገረውን ለማሟሟት ጉድጓዱ ውስጥ አሲድ ለቀቅን። አሲድና ኖራ ሲገናኙ ዝም አይሉም። ጉድጓዱ ከሥሩ ተንተከተከ፤ ከአፉም ነጭ አረፋ ገነፈለ። ሊያዩ የመጡት ሴቶች እያማተቡ ሸሹ። ከዚያ ፓምፑን አጽድተን በአዲስ ቧንቧ መልሰን ውሃውን እየሳብን ስንደፋ፣ ስንደፋ ሰነበትን፤ በመመርመሪያ ወረቀቴም አሲዱ መውጣቱን ደጋግሜ አረጋገጥኩ። በመጨረሻም ኖራው ዳግመኛ እንዳይጋገር የሚከለክለውን አዘጋጀሁ። እሱ ፎስፌት የሚባል የጨው ዓይነት ነው፤ ምግብ ውስጥ እንኳ የሚገባ ነው። በትንሽ በርሜል በጥብጬ በቀጭን ቱቦ ጠብ ጠብ እያለ ወደ ጉድጓዱ እንዲወርድ አደረግሁ። በአንድ እንስራ ውሃ ውስጥ የሚገባው ከቁንጥር ያነሰ ነው። ሽታ የለው፣ ጣዕም የለው።

ሥራው ያለቀው የፍልሰታ ጾም ሊገባ ሲል ነው። ዕቃችንን መኪና ላይ ጭነን ልንነሣ ስንል የመንደሩ ሰው በሙሉ ጉድጓዱ ዙሪያ ቆሞ አገኘነው። ከፊት አያ ይሁኔ ነበሩ። አያ ይሁኔ የመንደሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማይናገሩ። ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰዎችን ከዚያ ቀን ጀምሮ እፈራለሁ።

«ልጄ፣» አሉኝ፣ «ጉድጓዳችን ሲፈላ ዓይተናል። ጀሪካኑ ላይም የሬሳ ራስ ተሥሎበታል።»

«እሱ አሲዱ ነው አያ። ተደፍቶ አልቋል። አሁን የሚንጠባጠበው ሌላ ነው፤ ኖራውን ይከለክላል እንጂ ሰው አይጎዳም።»

«እኛ አንቺን አልጠረጠርንም፤ ሥዕሉን ነው የጠረጠርነው። እስቲ ንገሪኝ፤ ጠላ ጠምቃ ለእንግዳ የምታቀርብ ሴት ፊት ፊት ምን ታደርጋለች?»

«ትቀምሳለች።»

«እንግዲያስ የዚህ ጠማቂዋ አንቺ ነሽ።»

ደስ ብሎኝ ቧንቧውን ከፈትኩ። መዳፌ ላይ አፍስሼ ቀመስኩ፤ ያም አልበቃኝ ብሎ ጣሳ ሙሉ ቀድቼ ጠጣሁ። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ከኋላ አንዲት ሴት፣ «መርዝ ሁሉ እንዳበሉት አይገድል!» ስትል ሰማሁ። ወጣትነት መቼም ሞኝ ነው፤ ደሜ ፈላ። በወረቀቴ መርምሬ፣ ልኩን ለክቼ፣ ቆላ የሚወስደኝ መኪና ቀን ተቆርጦልኝ፣ እዚህ ጭቃ ላይ ቆሜ እጠረጠራለሁ?

«እስከፈለጋችሁት ቀን ድረስ እየጠጣሁ አሳያችኋለሁ!» አልኩ።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ እኔ ደግሞ ቃሌን ያወጣሁት እውነተኛ አፋፍ ላይ ቆሜ ነው። አያ ይሁኔ ቃሌ መሬት እስኪወድቅ እንኳ አልጠበቁም።

«እግዜር ይስጥሽ። እስከ ፍልሰታ ፍቺ ጠጪልን። በጤና ከከረምሽ በበዓሉ ቀን አብረን እንጠጣለን። ከዚያ በፊት ተነሥተሽ ከሄድሽ ግን ነገሩ ገብቶናል ማለት ነው፤ ጉድጓዱን በድንጋይ እንደፍነዋለን።»

«ይሁን!» አለ ሰዉ በአንድ ድምፅ።

ክው አልኩ። አያ ይሁኔን ወደ ጎን ሳብ አድርጌ ረቡዕ የሚጠብቀኝን ነገር ነገርኳቸው። ነዳጅ ጉድጓድ፣ አዲስ ሥራ፣ የማይጠብቅ መኪና፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ዘረዘርኩ። በትዕግሥት ሰሙኝ።

«ያ የምትሄጅበት ጉድጓድ ይጠጣል?» አሉኝ።

«ኧረ አይጠጣም።»

«እንግዲያስ እሱ አይቸኩልም።»

ባልደረቦቼ እየሳቁ መኪናቸውን አስነሥተው ሄዱ። በኋላ እንደሰማሁት፣ አለቃዬ ነገሩ ሲነገረው «ጥሩ ነው፤ ትጠጣላቸው» አለ አሉ። ጭጋጉ መኪናዋን ሲውጣት ቆሜ አየሁ። ከዚያ ዞር ስል መንደሩ ሁሉ እኔን ያያል።

ያረፍኩት አያ ይሁኔ ቤት ነው። በሩን ማንም አልቆለፈብኝም፤ የሚያናድደውም ይኸው ነው። ቢቆልፉብኝ ኖሮ መስበር ይቻል ነበር። እነሱ ግን ከመደቡ ላይ ወፍራሙን አጎዛ አነጠፉልኝ፤ እግሬን አጠቡኝ፤ የሱፍ ፍትፍቱን፣ የተልባውን፣ ትኩሱን ሽሮ ከእኔ ፊት አኖሩ። በቤቱ የአያ ይሁኔ ምራት የዝና ነበረች። እኩያዬ ናት፤ ባሏ ለቀን ሥራ ቆላ ወርዷል፤ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ሆዷ ገፍቷል። እንዲያም ሆና ጠዋት ጠዋት ጀሪካን አዝላ ወደ ገደሉ ምንጭ ትወርዳለች። ስትመለስ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው። ዓይኗን ሰብራ እግሬን ስታጥበኝ የማደርገውን አጣ ነበር።

የጾሙ ቅዳሴ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ሲያልቅ፣ ሰዉ ነጠላውን እንዳጣፋ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ጉድጓዱ ይመጣል። እኔ ቧንቧውን እከፍታለሁ። መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ እቀምሳለሁ፣ ከዚያ ጣሳዬን እጠጣለሁ፣ ከዚያ ጣሳውን ገልብጬ ባዶነቱን አሳያለሁ። ማንም አያጨበጭብም፤ ማንም አይሰድበኝም። ዓይተው ወደየቤታቸው ይበተናሉ። ከእኔ በቀር ያን ውሃ የሚነካ የለም። በአንዲት ትንሽ ማድጋ ለራሴ ቀድቼ ወደ ቤት እመለሳለሁ፤ ሌሊት ቢጠማኝ የምጠጣው እሱን ነው፤ የቀረውን ጠዋት የዝና ትደፋዋለች። ማድጋዬ እንኳ ከቤቱ ማድጋ ተነጥላ ብቻዋን በስተበሩ ትቀመጥ ነበር።

ከሁሉ የከበደኝ ግን መታመም መከልከሌ ነው። ሳል አይፈቀድልኝም። ማዛጋት ያስጠረጥራል። ጠዋት ትንሽ ካረፈድኩ ከውጭ «ነቃች?» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ከውስጥ «ነቅታለች» ይባላል፤ እግር ኮቴ ይርቃል። አንድ ቀን የባቄላ ንፍሮ አብዝቼ በልቼ ሆዴን ቆረጠኝ። በሰው ቤት፣ በሰው ፊት፣ ላብ እያሰመጠኝ ፈገግ ብዬ ተቀመጥኩ። ባቄላው መሆኑን አውቃለሁ። ኬሚስት ነኝ፤ ልኩን እኔው ነኝ የለካሁት። ግን ደግሞ ሁለት መቶ ዓይን ሆድሽን ሲመለከት ሆድሽ የራስሽ አይሆንም። «ብሳሳትስ?» የሚል ነገር ከውስጤ ብቅ አለ። አንድ ዜሮ ጨምሬ ቢሆንስ? ወረቀቱ ረጥቦ ተበላሽቶብኝስ ቢሆን? ግድግዳውን ተደግፌ ስሌቱን በልቤ ደጋግሜ ሠራሁት። ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መልስ ይወጣል፤ ሆዴ ግን አላመነም።

ውጭው ጭጋግ ነው። ክረምት ሲሆን ከዓባይ ሸለቆ የሚነሣው ጉም መንደሯን አፍኖ ይይዛታል፤ አንዳንድ ቀን ከደጃፍ ያለው ግራር እንኳ አይታይም። ከጉሙ ውስጥ ግን ድምፅ ይመጣል። ከታች የጭነት መኪኖች ዳገቱን ሲያቃስቱ፣ ማርሽ ሲቀይሩ ይሰማኛል። እነዚያ መኪኖች ሁሉ የሆነ ቦታ ይሄዳሉ። ያን ድምፅ እየሰማሁ ማታ ማታ አጎዛው ላይ ጥርሴን ነክሼ አለቅሳለሁ። አያ ይሁኔን ጠላኋቸው፤ መንደሩን ጠላሁት፤ ውሃ የሚባል ነገር ሁሉ አንገሸገሸኝ።

ማክሰኞ ደረሰ። ረቡዕ ጠዋት ደብረ ማርቆስ ካልተገኘሁ ሁሉ ነገር አለቀ። ጉድጓዱን ይድፈኑት አልኩ። የእኔ ነው እንዴ? እኔ ሥራዬን ሠርቻለሁ፤ ውሃው ደህና ነው፤ አልጠጣም ካሉ ገደሉን ይውረዱ። ሰው ሁሉ ለቅዳሴ ሲሄድ ቦርሳዬን በነጠላ ሸፍኜ ወጣሁ። ማንም አላየኝም። በጭቃው እየተንሸራተትኩ አስፋልቱ ዳር ስደርስ ከአዲስ አበባ የሚመጣው አውቶቡስ ገና በረሃውን በመውጣት ላይ ነበር። ድምፁ ይሰማኛል። ልቤ ከእሱ ጋር ዳገቱን ይወጣል።

በዚያ መሃል ከበታቼ ጉሙ ውስጥ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። ጎንበስ ያለች ሴት ናት። የዝና ነበረች፤ ያን ቀን አርፍዳ ከምንጩ ስትመለስ። ጀሪካኑን እንዳዘለች አስፋልቱ ላይ ወጥታ ከፊቴ ቆመች። ወገቧን ይዛ ትተነፍሳለች። ቦርሳዬን አየች፤ መንገዱን አየች።

«ልትሄጅ ነው?» አለችኝ።

አውቶቡሱ ከመታጠፊያው ብቅ አለ፤ መብራቱ በጉሙ ውስጥ ቢጫ ሆኖ ይታያል። እጄን ዘረጋሁ።

«ሂጂ፣ አልይዝሽም፤» አለች የዝና። «ግን አንድ ነገር ንገሪኝ። የጠጣሁት ምንድን ነው?»

«ምኑን ነው የጠጣሽው?»

«የማድጋሽን ውሃ። ጠዋት ጠዋት አልደፋውም ነበር፤ እጠጣዋለሁ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ።» አንድ እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። «ቁልቁለቱ ሊገድለኝ ነው እቴ። ከምንጩ የማመጣው ለቤቱ እንኳ ያንሳል ብዬ እኔ ከሱ አልጠጣም። አንቺ ስትጠጪ ፊትሽን አይ ነበር። ዓይንሽ አይፈራም፤ እንግዲህ እሷ የሆነችውን እሆናለሁ አልኩ። አሁን ስትሸሺ ሳይሽ ፈራሁ።»

አውቶቡሱ ቆመ። በሩ ተከፈተ፤ ረዳቱ ግማሽ አካሉን አውጥቶ «ማርቆስ ነሽ? ግቢ፣ ግቢ!» አለኝ። ውስጡ ሞቅ ያለ ነበር፤ ሰዎቹ በመስታወቱ ጭጋግ ውስጥ ይታዩኛል። አንድ ባዶ ወንበር እንኳ አይቻለሁ።

«ውሃ ነው፤» አልኳት የዝናን። «ውሃ ነው የጠጣሽው። ደህና ነው።»

«ታዲያ ለምን ትሄጃለሽ?»

ለዚህ ጥያቄ ረጅም መልስ ነበረኝ። ነዳጁን፣ መምህሬን፣ አለቱ ውስጥ የሚሰርገውን ኬሚካል ልነግራት እችል ነበር። እሷ ግን እጇ ሆዷ ላይ ነው። በዚያች ሰዓት አውቶቡስ ውስጥ ብገባ ውሃው ምንም አያደርጋትም ነበር፤ መሄዴ ግን እስክትወልድ ድረስ ሌት ተቀን ይገድላታል። ልጁን ቢያስለው በእኔ ነው። ቢከሳ በእኔ ነው። ደግሞ ለማን ትናገራለች? እኔ ብቻዬን የታሰርኩ መስሎኝ ነበር፤ ከአጠገቤ ግን አንዲት ሴት ማንም ሳያስገድዳት ገብታ ተቀምጣ ኖሯል።

«ወይ ግቢ ወይ ልቀቂን!» አለ ረዳቱ።

እጄን አወረድኩ። አውቶቡሱ ጭስ ትቶብኝ ሄደ። ደግ ልብ ስለነበረኝ ነው የቀረሁት እንዳይባል፣ መንገዱ ዳር ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ለነዳጅ ጉድጓዴ ነበር ያለቀስኩት። የዝና ጀሪካኗን አውርዳ አጠገቤ ተቀመጠች፤ አላባበለችኝም። ጸጥ ስል ጀሪካኑን እኔ አዘልኩት፣ ቦርሳዬን እሷ ያዘች፤ ዳገቱን ወጣን። ቅዳሴው ሳያልቅ ከጉድጓዱ አጠገብ ነበርኩ። ያን ቀን ጣሳዬን ገልብጬ ሳሳይ ከሰዉ መሃል የምፈልገው ፊት አንድ ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ ማድጋዬን ሙሉ እየቀዳሁ መመለስ ጀመርኩ። አያ ይሁኔ ማድጋዋን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ምራታቸውን አዩ። ያወቁ ይሁን ያላወቁ እስከ ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም፤ ምራታቸውን ወደ ምንጩ መላክ ግን በዚያው ሳምንት ተዉ።

በፍልሰታ ፍቺ ቀን ዶሮው ከየቤቱ ሲሸት፣ ሕፃናቱ በአዲስ ልብሳቸው ሲሯሯጡ፣ ሰዉ ጉድጓዱ ጋ ተሰበሰበ። ዋንጫ ቀረበልኝ። ቀዳሁ፣ መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ ቀመስኩ፣ ለአያ ይሁኔ አቀረብኩ። ቀስ ብለው ጠጡ፤ እሳቸው ሁሉን ነገር ቀስ ብለው ነው። ከዚያ ሴቶቹ ማድጋና ጀሪካን ይዘው እየተጋፉ መጡ። ስንብት ላይ አያ ይሁኔ ራሳቸው አስፋልቱ ድረስ ሸኙኝ።

«ያ ጉድጓድሽ ጠበቀሽ?» አሉኝ።

«አልጠበቀኝም አያ። ለሌላ ሰው ሰጡት።»

መሬት መሬት አዩ። «እኛ ግን ጠብቀንሽ እንኖራለን፤» አሉ። ያኔ ይህ ንግግር አበሸቀኝ እንጂ አላጽናናኝም። ዕዳቸውን በቃል ብቻ የከፈሉ መሰለኝ።

ኅዳር ሳይጋመስ የዝና ሴት ልጅ ተገላገለች። ሰው ላኩብኝ፤ በሰማንያ ቀኗ የክርስትና እናት ሆኜ ያችን ሕፃን ታቅፌ ቆምኩ። ጣቶቿን፣ ጥፍሮቿን፣ ጆሮዋን እያገላበጥኩ ስመረምር ቄሱ ተቆጡኝ። ምን እንደምፈልግ የምታውቀው የዝና ብቻ ነበረች፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ከዚያም በኋላ በርሜሉን ልሞላ ብዙ ዓመት ተመላለስኩ፤ ቧንቧው ዳግመኛ አልተጋገረም። በሄድኩ ቁጥር ግን አንድ ሰው «እስቲ መጀመሪያ ቅመሽው!» ይለኛል፤ ይሳቃል፤ እቀምሳለሁ።

ነዳጅ ጉድጓድ ሳላይ ጡረታ ወጣሁ። አሁንም ማንቆርቆሪያዬ ሥር የተጋገረውን ነጭ ቅርፊት በሎሚ ሳሟሟ መምህሬ ትዝ ይሉኛል። አንዳንድ ቀን ይቆጨኛል፤ አይቆጨኝም ብል ውሸት ነው። እሳቸው የነገሩን ነገር ደግሞ ለነዳጅ ጉድጓድ ብቻ አይመስለኝም። ያ ክረምት እኔም ውስጥ በኃይል ተገፍቶ ገብቷል፤ ይኸው እስከ ዛሬ በጥቂት በጥቂቱ ይወጣል። ለእንግዳ ውሃ ስቀዳ እጄን የሚይዘኝ እሱ ነው።

እሑድ ዕለት ሌሎቹ እንግዶች ከሄዱ በኋላ ትርንጎ ዕቃ ልታነሣሣልኝ ቀረች። ታሪኩን ከእናቷ አፍ ስንት ጊዜ ሰምታዋለች። ብርጭቆዎቹን እየሰበሰበች፣ ፊቷን ሳትመልስ፣ አንድም ቀን ጠይቃኝ የማታውቀውን ጠየቀችኝ።

«እታለም፣ እናቴ ያኔ ባትደርስብዎ ኖሮ ይሄዱ ነበር?»

«ባዶዋን ወንበር አይቻት ነበር፤» አልኳት። «ሄጄ እቀመጥባት ነበር።»

ብርጭቆ መሰብሰቧን ተወች። ያስከፋኋት መስሎኝ ደነገጥኩ። እሷ ግን ጠርሙሱን አነሣች፤ የቀረችውን ውሃ በንጹሕ ብርጭቆ ቀዳች። ከመስጠቷ በፊት መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰች፤ ከዚያ በሁለት እጇ ዘረጋችልኝ።

ተቀብዬ ጠጣሁ።